ደረጃ የሆኑት ወፍጮዎች

ረቡዕ ጠዋት ከጎንደር አራዳ በጭነት ማኪና ተነሣሁ። ሹፌሩ እስከ ዳባት ሁለት ብር አለኝ፤ ሳልከራከር ከፈልሁ፣ ሐሳቤ ሌላ ነበርና። ቦርሳዬ ውስጥ ለተማሪዎች የጻፍሁት ልቦለድ አለ። ወደፊት በሚመጣ ዘመን የአንዲት ከተማ ሰው ሁሉን ከሱቅ ይገዛል፣ ሁሉን ማሽን ይሠራለታል፤ ማሽኑ የቆመ ቀን ከተማው በረኀብ ያልቃል። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር፣ «ለዳባት ልጆች አንብብላቸው፤ ካላመኑህ በመጽሔታችን አላወጣውም» ብለውኛል። ሦስት ዓመት የደከምሁበት ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እያዘገመ ነዳ።

ዳባት፣ ከሰዓት በኋላ

የተቀበለኝ የአገሩ መምህር ንፍሮ አቀረበልኝ። እንጀራ የለም፤ የሞተር ወፍጮው ከሰኞ ጀምሮ ቆሟል።

«ታዲያ በእጅ አይፈጭም?» ብዬ ብጠይቀው ወደ ወፍጮ ቤቱ ወሰደኝ። ቤቱ ሲሠራ በየቤቱ ድንጋይ አዋጡ ተብሎ፣ ሰዉ የእጅ ወፍጮውን አምጥቶ ደረጃ አድርጎታል! ስቄ ሳልጨርስ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ አሮጊት ተቆጡኝ።

«ምነው ትስቃለህ ልጄ? ከዚያ የበለጠ ሸጋ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ተመልሰን በእጅ የምንፈጭ መች መሰለን!»

አፈርሁ።

ልቦለዱን ለተማሪዎቹ ሳነብ የሳቀ የለም። ሲያልቅ ውዴ የምትባል ልጅ ተነሣች።

«መምህር፣ በዚያ ከተማ በእጅ መሥራት የምታሳይ አንዲት አሮጊት እንኳ አልነበረችም?»

የሱቁን ዕቃ አንድ በአንድ ዘርዝሬ ነበር፤ አሮጊት ግን ትዝም አላለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት

እማማ ጥሩነሽ ከደረጃው አንዱን ወፍጮ አስፈንቅለው ልጃገረዶቹን ሰበሰቡ። ድንጋዩ እግር ሲረግጠው ኖሮ ልሟል፤ በሌላ ጠንካራ ድንጋይ ተወቅሮ ፊቱ ካልሻከረ አይፈጭም።

«ቀስ እያልሽ ምቺው፣ ውዴ።»

ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ መታች ሞተሩ ተንደቀደቀ። ከጎንደር የተላከ መካኒክ ጠግኖታል። ልጆቹ እልል እያሉ እህል ሊያመጡ ሮጡ፤ ውዴም አብራ።

«በል አንተ ቁጭ በል» አሉኝ እማማ ጥሩነሽ። «አንድ ሰው እንኳ ይወቀው።»

ተቀመጥሁ። መውቀሪያውን እንደ ያዝሁ ወደ ጎንደር የሚመልሰኝ ማኪና ጡሩንባ ነፋ። ይቅርታ ብያቸው ተነሣሁ።

ጎንደር፣ ሐሙስ ማታ

ልጆቹ አንዳቸውም ሳይስቁ እንዳመኑኝ ስነግራቸው ዲሬክተሩ ልቦለዱን ሊያወጡት ተስማሙ። ደስታው ግን አልመጣልኝም። ለከተማዋ አንዲት አሮጊት ጨመርሁላት፤ ማን አጠገቧ እንደሚቀመጥ ግን መጻፍ አቃተኝ። ሰው የሚጠፋው ማሽኑ ሲቆም ይመስለኝ ነበር። እማማ ጥሩነሽን ብቻቸውን ትተናቸው የሄድነው ግን ሞተሩ ሲነሣ ነው።