ከዓምዱ አጠገብ የቆመው ሰው

ትናንት ከሰዓት ዝናቡ ሲወርድ አንድ ሰው መጽሐፍ በጃኬቱ ጠቅልሎ እየሮጠ ደጃፌ ላይ ተጠለለ። ቤቴ ከአለት ከተፈለፈለችው ከገነተ ማርያም ቁልቁል ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኗን ሊያይ መጥቶ ዝናብ የያዘው ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚገባው።

«ግባ እንጂ የኔ ጌታ! አንተ በስብሰህ መጽሐፉን ታለብሳለህ?»

«የትምህርት ቤቱ ነው እማማ። እሱ ከረጠበ እኔን ነው ገመድ ላይ የሚያሰጡኝ።»

አዲስ አበባ የሕንፃ ትምህርት አስተማሪ ነው። መጽሐፉ የድሮ ሊቃውንት ስለ ሕንፃ ታሪክና ስለ ውበቱ የጻፉት ነው አለኝ። ፎቶዎቹ ግን ኋላ የተጨመሩ ናቸው። «የእናንተም አለበት» ብሎ ገለጠልኝ።

የገነተ ማርያም የውጭ ዓምዶች... ከአንዱ አጠገብ ጀርባውን የሰጠ ሰው ቆሟል።

ደርቄ ቀረሁ።

ልጄ ሞላ ነው! ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ጋቢው ላይ እኔ በሰማያዊ ክር የጣፍኩት እራፊ ያለበት። ሞላ ያረፈው ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ነው። የነበረችኝ አንዲት ፎቶ ለቅሶ ላይ ከእጅ እጅ ስትዞር ተቀዳዳ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ በፎቶ እንኳ አይቼው አላውቅም።

መጽሐፉን ነጥቄ ሳምኩት። እንግዳው ቆቡን አወለቀ። «የቤተ ክርስቲያን ፍቅራችሁ እኮ...» ሲል፣

«ቤተ ክርስቲያኗንማ ሁሌ እስማታለሁ! ልጄን ነው የምስመው!» ብዬ ጮህኩበት።

ከዚያ ያደረግኩትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ገጹን ገለበጥኩት... ፊቱን በዚያ በኩል የማየው መስሎኝ። እዚያ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነበር።

መልሼ ገለጥኩት። «ከሥሩ ምን ይላል?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «ሰውየው የቆመው የዓምዱን ቁመት ለማሳየት ነው ይላል።»

«ስሙስ?»

«ስሙ የለም እማማ።»

እኔ አምጬ የወለድኩት ልጅ... ለድንጋይ መለኪያ?

እንግዳው ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣና አቀበለኝ። «እርስዎ ይጻፉት።»

«የትምህርት ቤቱ ነው አላልክም?»

«ይቅጡኛ!»

ጽሕፈቴ ቀርፋፋ ነው። ዝናቡ አባርቶ እንኳ አልጨረስኩም ነበር፤ እሱም አላጣደፈኝም። «ይህ ሰው ሞላ ይባላል። ልጄ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መጽሐፉ ይኸው ዛሬ ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነው። ከእንግዲህ ያነበበ ሁሉ ይወቀው... አሁን ከልጄ አጠገብ የቆመው ዓምዱ ነው።