ጎታችና ተጎታች

አባቴ ቅናተኛ መሆኑን ያወቅሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ዝምተኛ ነው እንል ነበር እንጂ ቅናት የሚባል ነገር ያለበት አይመስለንም ነበር።

ሙያው የመኪና ላሜራ ቅጥቀጣ ነው። ተጋጭቶ የመጣን በር በመዶሻ እየነካካ፣ በመዳፉ እየዳበሰ፣ ምንም እንዳልደረሰበት አድርጎ ይመልሰዋል። ቤታችንና ጋራዡ አንድ ግድግዳ ስለሚጋሩ መዶሻው ሲመታ ተኝቼ፣ ሲቆም የምነቃ ልጅ ነበርኩ። የራሱ መኪና ከእናቴ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት ሰማያዊ ትንሽ መኪና ናት። ሊጣል ከተከመረ ብረት መሃል አንስቶ አሥራ አንድ ዓመት ሠራት። ከፊት ጎማዋ በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ብቻ ሦስት ጊዜ አፍርሶ እንደገና ቀጥቅጦታል። ሌላ ሰው ቢያየው ልዩነቱ አይገባውም። እሱ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «እዚህ ጋ አሁንም ታኮርፋለች» ይላል።

«የበኩር ልጅህ እሷ ናት» ትለው ነበር እናቴ። እኔም አልተቀየምኩም፤ እውነቷን ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አናጢ ነው። አፉም እንደ እጁ የቀለጠፈ፣ የገባበትን ቤት ሳይቀመጥ የሚያስቅ ሰው። አንድ ጊዜ የአንዲት ባልቴትን ጣራ ሊጠግን ሄዶ ጓሮ ውስጥ ዶሮ የሚያድርባት አሮጌ ተጎታች ቤት አገኘ። ሁለት ጎማ ያላት፣ መኪና ኋላ ታስራ የምትሄድ፣ እንቁላል የመሰለች ጠባብ ቤት ናት። ዶሮዎቹን አስወጥቶ፣ የበሰበሰውን ወለል ገንጥሎ፣ በስምንት ወር አዲስ አደረጋት። የሚታጠፍ አልጋ፣ ወደ ግድግዳ የሚገባ ጠረጴዛ፣ ሲዘጋ ድምፅ የማያሰማ መሳቢያ። መጋረጃዋን እናቴ ሰፋች።

ችግሩ አጎቴ መኪና የለውም።

«ጋሼ፣ ያንተዋ አትጎትታትም?» አለው አባቴን።

አባቴ ያን ቀን ደስ አለው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ሁለት ሳምንት መኪናዋ ሥር ተኝቶ መጎተቻውን በየደ፣ ፍሬኗን አደሰ። ከዚያ ሚዛን አምጥቶ ወደ ቤቷ የሚገባውን ሁሉ ይመዝን ጀመር፤ ድስቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ የአጎቴን ጫማ ሳይቀር። «መኪናዋ ቀላል ናት» ይለናል፣ «የጫናችሁባትን ሁሉ ታውቀዋለች። ከባድ ዕቃ ከጎማው በላይ፣ ትንሽ ወደ ፊት ያደላ። ወደ ኋላ ካደረጋችሁት ቤቷ ጅራቷን ትወዘውዛለች፤ ጅራቷን ከወዘወዘች ደግሞ እኛንም ይዛን ነው የምትሄደው።» እናቴንም ሚዛን ላይ ውጪ ቢላት፣ «እኔን ከመዘንክ ራትህን ራስህ ሥራ» ብላው አረፈች።

መውጣት ጀመርን። በየቆምንበት ሰው ይሰበሰባል። «ውይ፣ እንዴት ታምራለች!» ይላሉ። ማን? ቤቷ። አጎቴ በሩን ከፍቶ ያስገባቸዋል፣ አልጋውን አጥፎ ያሳያቸዋል፣ መሳቢያውን ከፍቶ ይዘጋላቸዋል። ዳገቱን ሁሉ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ያወጣቻትን መኪና ዞር ብሎ የሚያያት የለም። አንድ ቀን ሙሽሮች መንገድ ዳር አይተውን ፎቶ መነሳት ፈለጉ። ፎቶ አንሺው በትህትና አባቴን፣ «ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ መኪናዋን ፈቀቅ ቢያደርጉልን? ምስሉን አበላሸችብን» አለው።

አባቴ መኪናዋን ከቤቷ ፈታና ፈቀቅ አደረጋት።

ያን ዕለት እናቴ ተጎታቿ ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ «የወንድሜ እጅ እኮ ወርቅ ነው» አለች፤ አባቴም በመስኮቱ በኩል ሰማ። ለአሥራ አንድ ዓመት ሥራው እንዲህ ብላ አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ቤቷን «ዶሮ ቤቷ» ይላት ጀመር። እኛ ውስጥ ተሰብስበን ስንስቅ እሱ ውጭ የሞተሩን ክዳን በጨርቅ ይወለውላል። ብላ ሲባል አልራበኝም ይላል፤ ዳቦውን በኪሱ ይዞ ቆሞ ሲበላ ግን አይቼዋለሁ።

ከዚያ ያ ቅዳሜ መጣ። ከተራራው ማዶ ወዳለው ሐይቅ ልንሄድ ነው። አጎቴ ዕቃውን ራሱ ጫነ። የመሣሪያ ሣጥኑንና ውኃ የሞሉ ሁለት ጀሪካኖችን ፊት ያለው ቁም ሳጥን እንዳይቧጨርበት ብሎ ከኋላ፣ አልጋው ሥር አስገባቸው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየ። እኔ ደግሞ እሱ ሲያይ አየሁት። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው፣ ወደ መሪው ሄደ። ሳይጨነቅ ቀርቶ ነው ብዬ እኔም ተውኩት።

ዳገቱን በደህና ወጣን። ቁልቁለቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና በጎናችን ሲያልፍ ነፋሱ ገፋን፤ ከኋላችን የሆነ ነገር የጎተተን መሰለኝ። ዞሬ ሳይ ቤቷ ወደ ግራ ወጥታለች። ቀጥሎ ወደ ቀኝ። የእኛም መቀመጫ አብሯት ይሄዳል። አጠገቤ የተቀመጠው አጎቴ፣ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል!» አለ አባቴ።

ፍሬኑን አልነካም። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፣ ማርሹን ዝቅ አደረገ። ሞተሯ ጮኸች። እናቴ ፊት ለፊቷ ያለውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣለች። ቤቷ አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ ተወዛወዘች፤ ውስጧ አንድ ነገር ሲሰበር ተሰማን። ከዚያ ውዝዋዜው እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄደና ጠጠሩ ላይ ወጥተን ቆምን። ከእኛ አልፎ ያለው ገደል ነው።

አጎቴ ወርዶ አባቴን አቀፈው። «አተረፍከን ጋሼ! እንዳንተ ያለ እጅ የታለ! መኪናዋስ ብትሆን! ወይ መኪና!»

አባቴ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቃል ይኸው ነበር። መጣለት፤ ሊቀበለው ግን አልቻለም። ራሱን ከእቅፉ አላቀቀ።

«ጀሪካኖቹን ከኋላ ስታደርግ አይቼሃለሁ» አለው።

«ምን?»

«አይቼ ነው ዝም ያልኩህ። ትንሽ ትወዛወዝና ታፍርባታለህ ብዬ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

አጎቴ የሚቀልድ መስሎት መሳቅ ጀምሮ ፊቱን ሲያየው ተወው። እናቴ ቀስ ብላ ወጣች። «ልጄ እኮ ከኋላ ተቀምጣለች» አለች።

ዕቃውን አስተካክለን በሰው እርምጃ ወደ ቤት ተመለስን። ለሦስት ሳምንት እናቴ ከእኔ ጋር ተኛች። የሚያወሩት በእኔ በኩል ነበር፤ «አባትሽን ራት ቀርቧል በይው» ትላለች፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ፣ «እናትሽን መጣሁ በያት» ይላል። አጎቴ መጥቶ ቤቷን በአንድ ወዳጁ ትልቅ ፒካፕ እያስጎተተ ወሰዳት። አባቴ መዶሻውን እንደያዘ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሸኛት። አሁን ደግሞ በፒካፑ ቀና። ጭራሽ ባሰበት። «ያ ዝሆን ምን ይሰማዋል» ይላል ብቻውን።

መጀመሪያ የተሸነፈችው እናቴ ናት። አንድ ቀን ጋራዡ ገብታ መኪናዋ ፊት ቆመችና፣ «እስቲ አሳየኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«አሥራ አንድ ዓመት የሠራኸውን። እኔ ላሜራ አላውቅም፤ አንተም ነግረኸኝ አታውቅ። አፍህን ዘግተህ አድንቁኝ ትላለህ?»

እጇን ይዞ ፓራፋንጎው ላይ አስኬደው። የቱ ጋ እንደተቀጠለ ጠየቃት፤ ልታገኘው አልቻለችም። እሷ ስትፈልግ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በማግስቱ ራሱ ወደ አጎቴ መሥሪያ ቦታ ሄደ። አጎቴ መላጊያውን ሳያስቀምጥ ሰማው። «ገደል ልትከተን የነበረውን እተውልሃለሁ» አለው በመጨረሻ። «ከሙሽሮቹ ቀን ወዲህ አንዴ እንኳ ቤት ብለህ አልጠራህልኝም እኮ፤ ዶሮ ቤት ነው የምትላት። እኔ ጆሮ የሌለኝ መሰለህ?» አባቴ እንደሱ አስቦት እንደማያውቅ ነገረው። ከዚያ ተስማሙ፤ ዕቃ ሲጫን ሁለቱም ይቆማሉ፣ አባቴም ከቀና ቀናሁ ይላል።

ስድስት ዓመት እንደዚያ ጎተተ። በየመንገዱ «ቀናሁ» ይላል፤ አንዳንዴ እየሳቀ፣ አንዳንዴ ከምሩ። ከምሩ ሲሆን አጎቴ ወሬውን ያቋርጥና ሰዎቹን ወደ መኪናዋ ይወስዳቸዋል። ሁልጊዜ አልሠራም። አንድ ጊዜ አባቴ ተነስቶ ሲሄድ ግማሽ ቀን ጠብቀነዋል።

አሁን ዓይኑ ስለደከመ የምነዳው እኔ ነኝ። አባቴ ጎኔ ይቀመጣል። ባለፈው ቁልቁለቱን ጨርሰን ስንቆም አጎቴ፣ «ልጄ፣ ካባትሽም አስከነዳሽ!» አለኝ። አባቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ አየ።

«ምነው አባዬ?» አልኩት።

«ቀናሁ» አለ።