ፍሬን ሲያዝ የምትንቀጠቀጠው ሚኒባስ

ተሳፋሪዎቹ ሚኒባሷን «ወባ የያዛት» ይሏት ነበር። ከጋምቤላ ደጋ ላይ እስካለችው ቡሬ የምትሠራ ናት። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር መሪው እጁ ላይ ይንዘፈዘፋል፣ ወንበሮቹ ይንገጫገጫሉ። ከኋላ አንዱ «ዛሬም ኪኒኗን አልዋጠችም?» ይላል፤ ሰው ይስቃል። ሾፌሩ ግን አይስቅም።

እኔ ጋራዥ ሲያመጣት መጀመሪያ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነበር።

«ፍሬን ካልያዙስ ትንቀጠቀጣለች?»

«በፍጹም! ባሮ ላይ እንዳለች ጀልባ ነው የምትሄደው።»

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። እየፈታሁ፣ እያየሁና መልሼ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ሳልለካ አልናገርም። በአቦቦ መንገድ ቀጥ ወዳለው አስፋልት ወጣን። የእጅ ፍሬኑን ቀስ ብዬ ሳብኩ፤ እሱ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው። ምንም የለም። የእግር ፍሬኑን ስረግጥ መሪው ተንዘፈዘፈ። ችግሩ ከፊት ነው ማለት ነው።

በክሪክ አንስቼ የፊት ጎማዎቹን ፈታሁ። ዲስኩ የፍሬን ሸራ ከሁለት በኩል የሚነክሰው የብረት ሰሃን ነው፤ ሲዞር ወዲያና ወዲህ ማለት የለበትም። ለዚህ የሚሆን መለኪያ ስላልነበረኝ አንድ ወፍራም ሽቦ አጠገቡ አስሬ ጫፉን ወደ ዲስኩ አስጠጋሁና በእጄ አዞርኩት። በአንዱ በኩል ሽቦው ይፍቃል፤ በሌላው በኩል ምላጭ ያሳልፋል። የፋቀበትን በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ሁለቱም ዲስኮች ተጣመዋል። ቶርኖ ቤት ወስጄ ገጻቸው እስኪስተካከል አስላጨኋቸው፣ መቀመጫቸውን ከዝገት አጸዳሁ፣ ቡሎኖቹን አንዱን ካጠበቅሁ በኋላ ትይዩውን እያጠበቅሁ ገጠምኩ። ስንሞክራት ጸጥ አለች። ያን ቀን ኮርቼ ነበር፤ ለማንም ባልናገርም።

በአሥረኛው ቀን ተመለሰ።

«አንተ ልጅ፣ አገረሸባት።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጣበትን ነገረኝ። ተራ አስከባሪው «ሰው አልሳፈርም እያለኝ ነው፤ እስከ ቅዳሜ ካልዳነች ተራህን ለሌላ እሰጣለሁ» ብሎታል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ዲስኮቹን እንደገና ለካሁ። እንደገና ተጣመዋል። ዳራቸው ላይ ከዚህ በታች እንዳይሳሱ የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ እዚያ ለመድረስ የቀራቸው አንድ መላጨት ብቻ ነው። እሱ ከባከነ አዲስ ዲስክ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቅዳሜ ያልፋል።

ስለዚህ ከመላጨቴ በፊት አብሬው ልሄድ ጠየቅኩት።

«ምን ልታደርግ?»

«ለማየት።»

«ዝም ብለህ ልትቀመጥ?»

«አዎ።»

«እሱስ አያቅትህም» አለኝ።

ረቡዕ ወደ ቡሬ ስንወጣ ምንም አላየሁም። ስንመለስ ግን ያን ሁሉ ቁልቁለት እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ ወረደው። ግማሽ ላይ የጋለው ሸራ ሽታ ውስጥ ገባ፤ በደብተሬ ጻፍኩት። ቁልቁለቱ አልቆ ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታን አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር አቆመ። ሱሪውን ጠቅልሎ ቢጫ ጀሪካን ሞላና የፊት ጎማዎቹ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። እንፋሎቱ ሽው እያለ ወጣ።

«አይዞሽ፣ ጠጪ» ይላታል። «ከደጋ ወርደሽ እዚህ እሳት ውስጥ!»

ከጎናችን የቆሙ ሁለት ሾፌሮችም የየራሳቸውን ያጠጣሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ በየቀኑ ነው?»

«በየቀኑ! አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም» አለ በኩራት።

በዕድሜ ይበልጠኛል፤ እንዴት እንደምነግረው ጨነቀኝ። «የፈላ ሻይ የነበረበት ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱበት ምን ይሆናል?» አልኩት።

«ይሰነጠቃል።»

«ብረቱ ደግሞ ይጣመማል።»

ጀሪካኑን አየ፣ ጎማውን አየ። «እኔ ነኝ ያሳመምኳት በለኛ።»

«ውሃው ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ውሃውን ማን አፈሰሰው፣ ባሮ መጥቶ?» አለና ራሱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ የመጨረሻውን መላጨት አስላጨሁ። ዓርብ እንደገና አብሬው ሄድኩ። ሞተሩ ራሱ እንዲይዛት ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ወረድን፤ ፍሬኑን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል፣ ይለቃል። ከኋላ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዛሬ እንቁላል ነው እንዴ የጫንከው?» አሉ።

«ዲስክ ነው እማማ፣ ዲስክ!»

ወንዙ ጋ ስንደርስ ጀሪካኑን አንስቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። «ያዝልኝ፤ እጄን አላምነውም» አለኝና አልፎ ሄደ። ጎማዎቹ ቀስ እያሉ ነፋስ እንዲያገኙ በዝግታ ነዳ። ከተማ ስንደርስ ዲስኮቹ ላይ ሽቦዬን አስጠግቼ አዞርኩ። ዙሩን ሁሉ አልፋቀም።

ቅዳሜ ጠዋት ተራ አስከባሪው ማንንም ሳያሳፍር ራሱ ከፊት ገባ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ባዶው አስፋልት ላይ ሾፌሩ ፍጥነት ጨመረና ፍሬኑን ያዘ። ተራ አስከባሪው መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ምንም የለም።

«እስኪ ድገመው።»

ደገመው።

«አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲያቆም ሰውየው ፈገግ አለ፤ እያጣራ ሳይሆን እየተዝናና እንደሆነ ገባኝ። ወደ መናኸሪያው ተመለስን። ወርዶ በሩን ሁለቴ መታና ድምፁን ለቀቀው።

«ቡሬ! ቡሬ! አንድ ሰው ብቻ የቀረው!»

ገና አንድም ሰው አልገባም ነበር።