«ዶማኒ»ን የተረጎምኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የጋለ ፍሬን ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ሽታው ብቻ ቢሆን በቻልኩት። አጠገቤ የተቀመጠው ኮት ለባሽ ግን ገደሉን ቁልቁል እያየ፣ «ጣሊያን ክፉ ቢሆንም መንገዱን ሠርቶልን ሄደ» አለኝ። ያን ያህል ከወደደው በቅርብ ይየው ብዬ በመስኮቱ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያዳነው የኔ ቦርጭ ነው፤ እሱን ይዤ ከወንበር መነሣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አገር ያላየሁ ሰው አይደለሁም። ምጽዋ ላይ በገዛ ላቤ ዋኝቻለሁ፤ ካርቱም ላይ እንቁላል ድንጋይ ላይ ጠብሼ በልቻለሁ። ረጅሙ ጉዞህ የቱ ነው ለሚለኝ ግን መልሴ ከደሴ ኮምቦልቻ ነው። ሰዉ ይስቃል። እኔ ደሜ ይፈላል።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ እኔ የዐሥራ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ኮምቦልቻ የተዳረችው ታላቅ እህቴ፣ «ባሌ አሰብ ወደብ ሥራ አግኝቷል፤ ሐሙስ ቀትር ላይ በካሚዮን እንሄዳለን፤ አባዬ መጥተው ዱዓ ሳያደርጉልኝ እንዳልሄድ» ብላ ላከች። እናታችን ቀድማ ስለሞተች በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓት አባቴ ናቸው። አሰብ ደግሞ ያኔ ለኛ ከጨረቃ ትንሽ ወዲህ ነበር።

ያለ ይለፍ ወረቀት ከደሴ መውጣት ክልክል ስለነበር ረቡዕ ጠዋት ከአባቴ ጋር ወረቀቱን ልንጠይቅ ወደ ጣሊያኖቹ ቢሮ ሄድን። ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ፣ ጭራው ላይ የተወለደ ጥጃ በሩ ጋ ሲደርስ በሬ ይሆናል። ከኋላችን የቆመች የሰኞ ገበያ ቅቤ ነጋዴ በሂና የቀላውን የአባቴን ጢም እያየች፣ «አባ፣ በዚህ ጢም ሙሽራ መስለውት ቶሎ ባሳለፈዎት!» ትላቸዋለች። አባቴ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

ጣሊያኑ ጸሐፊ ብርቱካን ይልጥ ነበር። ማህተሙ ከክንዱ አንድ ስንዝር አይርቅም። የብርቱካኑ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እንዲወርድለት የሚጠነቀቀውን ያህል ለእኛ ቢጠነቀቅ ኖሮ! ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን፣ «ዶማኒ! ዶማኒ!» አለ።

አባቴ ወደኔ ዞሩ። «ምን አለኝ? ደመኛ ነው ያለኝ?»

እኔ በጣሊያኖች ቡና ቤት ብርጭቆ ሳጥብ ዐሥር ቃል ለቃቅሜ፣ ሺህ አውቃለሁ እያልኩ ሰፈሩን የማደነቁር ነበርኩ። ዶማኒ «ነገ» ማለት እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ምላሴን በላኝ። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው፣ «አዎ አባዬ፣ ደመኛዬ ነህ ነው የሚልዎ» አልኳቸው። ደጃፉ ላይ ልነግራቸውና አብረን ልንስቅ ነበር።

ፊታቸው አመድ መሰለ። አባቴ በጉብዝናቸው በወንድማቸው ደም ምክንያት ዓመታት በጫካ ኖረው፣ በሽማግሌ የታረቁ ሰው ናቸው። በአገራችን ደመኞች እስኪታረቁ ድረስ በአንድ መንገድ አይሄዱም፣ ከአንድ ውሃም አይጠጡም።

«ወላሂ፣ ሁለተኛ ደም አላይም» አሉ ደጅ ወጥተው። «መንገዱም የሱ ነው፣ ካሚዮኑም የሱ ነው። በእግራችን በጋራው እንዞራለን።»

መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እነግራቸዋለሁ አልኩ። እዚያ ስንደርስ ስለ ሟች ወንድማቸው ማውራት ጀመሩ፤ በዕድሜዬ አንድ ቀን እንኳ ያላወሩኝን። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። እኔም ለሦስተኛው አቆየሁት። ዘበኞች እንዳያዩን ገደል ለገደል ስንሄድ ዝናብ ያዘን፤ ገበሬ ቤት አደርን፤ በማግስቱም የሞላው ወንዝ እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀመጥን።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሐሙስ ቀትር አልፏል። ካሚዮን ማቆሚያው ጭው ብሏል። አባቴ ሶላት እንዳያልፋቸው ወደ ዋርካው ጥላ ሲሄዱ ያቺ ቅቤ ነጋዴ አየችኝ።

«አንተ! የት ቀራችሁ? ጠዋት እኮ ለሁላችንም ማህተሙን መታልን! እህትህ በመጣው ካሚዮን ሁሉ ሥር እየዞረች ‹ጢማቸው የቀላ ሽማግሌ አላችሁ ወይ?› ስትል ቆየች። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ ባሏ በክንዷ ጎትቶ አሳፈራት። ፊቷን ወደ ሐረጎ አዙራ ነው የሄደችው።»

ያንን ጸሐፊ ዛሬም ባገኘው ብርቱካኑን ከነልጣጩ አጎርሰዋለሁ። እጁን ስንዝር ቢዘረጋ ረቡዕ ማታ ከእህቴ ጋር እናድር ነበር። ግን እሱ ነገ አለ፣ ነገም ሰጠ። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። እሱን ልሰድብ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ግማሹ ስድብ ወደኔ ይመለሳል። እህቴ ከአሰብ አልተመለሰችም።

አባቴ ሰግደው ሲመጡ «ሄዳለች» ብቻ አልኳቸው። ጭቃው ላይ የታተመውን የጎማ ዱካ አዩት። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«ደመኛዬ ነህ ማለቱን አንተ ባትነግረኝ እዚያው ፊቱ ቆሜ ስከራከረው ደም እንፋሰስ ነበር። ከደም ያዳንከኝ አንተ ነህ፣ ልጄ» አሉ፤ ለእህቴ ይዘውት የመጡትንም ዱዓ አንድ ሳያስቀሩ ለኔ አደረጉልኝ።

እኔም ሁለት እጄን ዘርግቼ «አሚን» አልኩ።