የአርብ ገበያ ሰዎች ያረሱት የአውሮፕላን ማረፊያ

ዓርብ፣ ኅዳር፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

ከባሕር ዳር ስንነሳ የጣና ጉም ገና አልተገለጠም። አውሮፕላኗ ከአብራሪው ሌላ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ከኋላዬ ለአርብ ገበያ ትምህርት ቤት የማደርሰው የመጻሕፍት ሣጥን በገመድ ታስሯል። ስንመለስ መሪጌታ ጥበቡን ይዘን እንመጣለን። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከገደል ወድቀው እግራቸው ከተሰበረ ሳምንት አልፏል፤ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል የሚል መልእክት ደርሶናል። በቃሬዛ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ አራት ቀን ይፈጃል።

«ፈሩ እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ አብራሪው፣ ካፒቴን በላይ።

«ገመዱ መጥበቁን ነው የማየው።»

«እኔ ደግሞ ለነፍስዎ የሚጸልዩ መስሎኝ» ብሎ ሳቀ።

አንድ ሰዓት ከሩብ

እስቴ ከበታቻችን ነው፤ የታጨደ ገብስ፣ የእህል ክምር፣ በዛፍ የተከበበ ደብር። የመካነ ኢየሱስ ቆርቆሮ ብልጭ ብሎ አለፈ። በግራችን ጉና ደመና ተከናንቧል። በበቅሎ ቀኑን ሙሉ የሚያለፋውን ዳገት ሳልጠግበው አለፍነው።

ሁለት ሰዓት

ማረፊያው ከአርብ ገበያ በላይ ያለ የግጦሽ ሜዳ ነው፤ ጫፉ ገደል ነው። ካፒቴኑ ዝቅ አለና ወዲያው ወደ ላይ መለሳት።

«ምን አድርገውት ነው!»

አረንጓዴ መሆን የነበረበት ሜዳ ጥቁር ሆኗል። ከዳር እስከ ዳር ታርሷል። ትልሙ ቀጥ ያለ፣ ጓሉ የተከሰከሰ ነው፤ እንዲህ ያማረ እርሻ አይቼ አላውቅም።

«ጎማው ከሰመጠ በአፍንጫችን ነው የምንተከለው» አለና ወረቀት ሰጠኝ። «የኔን ጽሕፈት ማንም አያነበው፤ እርስዎ ይጻፉ።»

በትልልቁ ጻፍኩ፦ «የታረሰ መሬት ጎማ ይውጣል። ከብት አስረግጣችሁ እንደ አውድማ አጠንክሩት። ሲጠና ፈረስ ጋልቡበት፣ ከላይ እናያለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመለሳለን።» ከብረት መፍቻ ጋር በሻሼ ቋጠርኩትና ሰው ወደሌለበት ወረወርኩት።

ዘጠኝ ሰዓት

መካነ ኢየሱስ ሜዳ ላይ ስንጠብቅ ውለን ተመለስን። ዓርብ ስለሆነ ገበያው በሙሉ ወደ ሜዳው ወጥቶ ነበር። ሊሸጥ የመጣ በሬ፣ ወይፈን፣ ጭነቱ የወረደለት አህያ ሁሉ ሲረግጠው ውሏል። አሁን ሰዉ ከብቱን ወደ ዳር እየነዳ ነው። ሜዳው እንደ ቆዳ ተወጥሯል። አንድ ሰው ነጭ ፈረስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጋለበበት፤ ፈረሱ አንዴም አልተደናቀፈም።

ካፒቴኑ ወደ ሜዳው ወረደ። አውሮፕላኗ ሦስት ጊዜ ነጥራ ቆመች።

ፈረሱን የጋለቡት ያገሩ ሹም ባላምባራስ ወንዴ ኖረዋል። አንገታቸውን ደፍተው ቀረቡን።

«ከሰማይ የሚወርድ ነገር ደረቅ መሬት ሲመታ ይሰበራል ብለን ነው። ገምሰን፣ ደግመን፣ አለስልሰን አረስንላችሁ።»

«ዘሩን ብቻ ነው የረሱት፣ ባላምባራስ!» አለች አንዲት ጨው ነጋዴ። «ይኼኔ አውሮፕላን በበቀለልን ነበር!»

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። መሪጌታ ከቃሬዛቸው ቀና አሉ። ፊታቸው እንደ ሰም ነጥቷል።

«አትፍረጅባቸው። እኔን ሊቀብሩ ነው የቆፈሩት፤ ትንሽ አሰፉት እንጂ።»

ካፒቴኑ መሬቱን በተረከዙ መታ መታ አደረገና ወደ እኔ ዞረ። «ለማረፍ ይሆናል፤ ለመነሳት ግን በዚህ መሬት ሦስት ሰው ይከብዳል። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ብቻ ነው የምወስደው።»

ሣጥኔን አወረድኩ፤ በወንበሬ ላይ መሪጌታን አስቀመጥናቸው። አውሮፕላኗ እስከ ገደሉ ጫፍ ተንደርድራ ድንገት ከዓይናችን ተሰወረች። ከዚያ ከሸለቆው ውስጥ ድምፅዋ ተሰማ፤ ቀጥሎ ክንፏ ብቅ አለ። እልልታው ከብቱን አስበረገገው።

ማክሰኞ፣ ባሕር ዳር

በበቅሎ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ገባሁ። ልብሴን ሳልለውጥ ሆስፒታል ሄድኩ። መሪጌታ አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ብርድ ልብሱ ሥር ሁለት እግር ይታያል።

«እግሬ አንድ ቀን ብታድር ኖሮ ትቆረጥ ነበር አሉኝ» አሉ። «ለመሆኑ ያን ዕለት በኔ ሰበብ ሳይሸጥ የተመለሰ ሰው አለ?»

ልዋሻቸው አልወደድኩም። «አብዛኛው ሳይሸጥ ነው የተመለሰ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ለመመለሻዬ ሌላ አውሮፕላን አታምጡልኝ» አሉ። «ስድን በዓርብ ቀን በእግሬ እገባለሁ። ያ ሁሉ ሰው ስራመድ ይየኝ።»