ወገቤን ይዤ ወደ መቱ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በዐቢይ ጾም መካከል፣ ሰኞ ማለዳ ነው። የሄድኩትም ለንግድ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሳይሆን ወገቤን ላሳይ ነው። ሥራዬ ጎልፍ መጫወትና ማስተማር ነው። ጎልፍ ትንሽ ነጭ ኳስ በብረት ዱላ እየመቱ፣ ከሩቅ መስክ ላይ ካለ ጉድጓድ ማስገባት ነው። መስኩ የውጭ አገር ሰዎች ነው። እኔ የዱላ ከረጢታቸውን ስሸከም እያየሁ ለብቻዬ ተማርኩት፤ አሁን ደመወዝ ይከፈለኛል። ባለፈው ክረምት ግን ወገቤ ተያዘ፤ ኳሴም ወደ ጫካው ትሸሽ ጀመር። የመስኩ ኃላፊ፣ እሱም ፈረንጅ ነው፣ ብስኩት እያኘከ፣ «ከፋሲካ በኋላ ላለው ውድድር ካልደረስክ ወደ ከረጢት መሸከምህ ትመለሳለህ» አለኝ።

ሐኪሙ ቅባት ሰጥቶ ሸኘኝ። አንድ የማውቀው ህንዳዊ መምህር ግን መቱ የሚያስተምሩ የአገሩ ሰው ዮጋ በሚባል የአገራቸው የአካል ማፍታቻ ወገብ እንደሚያቃኑ ነገረኝ። አንዱን ዱላዬንና ጥቂት ኳሶች በጋቢ ጠቅልዬ ተነሣሁ።

በደሌ

እስከ ጅማ በአውቶቡስ ነው፤ ስለ እሱ ክፉ አልናገርም። ከዚያ ወዲያ ግን ጭቃ ነው። በደሌ አድሬ፣ ቡና ሊጭን ወደ መቱ ባዶውን የሚሄድ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና አገኘሁ። ሾፌሩን ስለ ወገቤ ለመንኩትና ጋቢና አስገባኝ። ሞተሩ ሳይሞቅ ረዳቱ በሩን ከፈተ።

«ውረድ፤ ፊታውራሪ መጥተዋል።»

ወረድኩ። ወርጄም እንደ ልማዴ ለጥ ብዬ እጅ ነሣሁ። ወገቤ ቋ አለ፤ ቀና ማለት አቃተኝ። ፊታውራሪው በአጠገቤ አልፈው ጋቢና ገቡ፤ አላዩኝም። ቦታዬን ከመውሰዳቸው ይልቅ ያቃጠለኝ እኔው አጎንብሼ ማስረከቤ ነው።

ሾፌሩና ረዳቱ ከኋላ፣ ከባዶ ጆንያ ክምር ላይ ጎትተው አወጡኝ። እዚያ የተቀመጡ ሐጂ ሱልጣን የሚባሉ የያዮ ቡና ነጋዴ ይስቃሉ።

«አቦ፣ ወገብህ ሲጮህ እዚህ ድረስ ሰማሁት! ፊታውራሪው ግን አልሰሙም።»

«ምኑ ያስቃል ሐጂ?»

«እኔ ደረቴን ነክቼ ሰላም እላለሁ፤ አለቀ። ስግደቱን ለፈጣሪ አስቀምጬዋለሁ። ይኸው ስድሳን አልፌ ጆንያ እሸከማለሁ።»

ያዮ ስንደርስ የተቀቀለ ጎደሬ በስሙኒ ገዝተው አካፈሉኝ። ተናድጄ ስለነበር ጣዕሙን አልጽፍም። ጫካው ግን መንገዱን ከሁለት ወገን ይዞት፣ በቀትር እንኳ ጨለማ ነበር።

መቱ

የተነገረኝ ህንዳዊ፣ መምህር ናየር፣ ሒሳብ ያስተምራሉ፤ እትዬ አስካለ ከተባሉ የጠጅ ነጋዴ ግቢ አንድ ክፍል ተከራይተዋል። ወገቤን ሳይነኩ ዱላዬን አስይዘው፣ እንደ ጨዋታው እንድቆም አዘዙኝና ዙሪያዬን ዞሩ።

«ፊትህ ማን አለ?» አሉ በሚኮላተፍ አማርኛቸው።

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ለማን ነው እጅ የምትነሣው?»

ደሜ ፈላ። «ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጬ የመጣሁት ልሰደብ ነው?»

እሳቸው አልተቆጡም፤ የመጥረጊያ እንጨት አምጥተው ከአናቴ እስከ መቀመጫዬ በጀርባዬ ላይ አጋደሙት። እንጨቱ የነካው መሐል ጀርባዬን ብቻ ነው። አገጬ ደረቴ ላይ ወድቋል፤ ትከሻዬ ወደፊት ታጥፏል። ጌቶች ፊት የምቆመው እንዲህ ነው፤ ለካ ኳስ ፊትም እንዲሁ ስቆም ኖሬአለሁ። የጎበጠ ጀርባ አይዞርም። ጀርባ ካልዞረ ክንድ ብቻውን ይመታል፣ ወገብም ይቀጣል።

ከማግስቱ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ሠራን። እንደ በር ከማጠፊያዬ፣ ከጭኔ መጋጠሚያ መታጠፍን ተማርኩ። ለሚዛን በአንድ እግሬ እንደ ዛፍ ቆምኩ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ትከሻዬ ከመሬት ሳይነሣ ጉልበቴን ወደ ጎን ጣልኩ፤ ለመዞር የሚያስፈልገኝ ይኸው ነበር። በእጄና በእግሬ ቆሜ ጀርባዬን ከፍ ዝቅ ሳደርግ እትዬ አስካለ ጋኑን ማጠብ ትተው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ሱባዔ ገባህ ወይስ ድመት መሆን አማረህ?»

«ወገቤ ነው እትዬ።»

«ወገብህ ከሆነ ፊትህን ምን አኮሳተረው?»

መምህሩ ሳቁና ንዴቴን እንድተው መከሩኝ። አልተውም አልኳቸው። ዱላዬን መልሰው አስያዙኝ።

«እንግዲያስ ጥርስህ ላይ አታስቀምጠው። እግርህ ሥር አድርገው፤ ትንፋሽህን አውጣና ምታ።»

ሶር

ከመመለሴ በፊት ወደ ሶር ወንዝ ወረድኩ። ከፏፏቴው በላይ ካለው ሜዳ ቆሜ፣ ፊታውራሪውን እያሰብኩ ጥርሴን ነክሼ መታሁ። ኳሷ ቁጥቋጦ ገባች። ሁለተኛዋን አስቀመጥኩ። ጀርባዬን አቀናሁ፤ ከጭኔ ታጠፍኩ፤ ትንፋሼን አወጣሁ። ፊታውራሪው አሁንም ከፊቴ አልጠፉም፤ ኳሷ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ከውሃው ጭስ ውስጥ ገባች። ወገቤ ዝም አለ።

አዲስ አበባ

በተመለስኩ ማግስት ኃላፊው መስኩ ላይ አስመታኝ። ኳሷን ጉድጓዱን ከሚያመለክተው ባንዲራ አጠገብ አሳረፍኩለት። «ስምህን አስገባለሁ» አለና አገጩን ቀና አድርጎ ቆመ። እጅ እንድነሣው እንደሚጠብቅ አውቃለሁ፤ እሱም ይህን ልማድ ከእኛው አገር ነው የተማረው። ዮጋ ቁጡነቴን አላስጣለኝም፤ ጎንበስ ማለቴ ግን አክብሮት ሳይሆን ሕመም እንደሆነ መቱ ላይ አውቄአለሁ።

ቀጥ ብዬ ቆሜ እጄን ዘረጋሁለት።

የተዘረጋውን እጄን አየ፤ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም። ስሜንም አልሰረዘም፤ ኳሷ የት እንዳረፈች አይቷልና።