ከጂንካ ገዘር፦ ለአምስተኛ ቦታ የተደረገ ጉዞ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ደጋው ወደ ገዘር ልነሳ ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «እስቲ ንገረኝ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመትህ ከጎረምሳ ጋር ስትሮጥ ብትወድቅ ማን ሊያነሳህ ነው?» አለችኝ። እኔ ጂንካ ተወልጄ ያደግሁ የግብርና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፋይል ሳገላብጥ እውልና ከሥራ ስወጣ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ በሩጫ እዞራለሁ። እዚያ የሚግጡት ላሞች እንኳ ለምደውኝ ቀና ብለው አያዩኝም። ዋንጫ የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም። ግን ሮጬ ስገባ እንቅልፌ ጥሩ ነው፣ ከሰውም አልጣላም፤ ይህን ባለቤቴም አትክድም።

የዚህ ጉዞ ምክንያት ግን የእኔ እንቅልፍ ሳይሆን ዱካ ነው።

ዱካ የካኮ ሰው ነው፣ ከብት አርቢ ከሆነው ከበና ሕዝብ። የከብት ክትባት ሲኖር መሥሪያ ቤታችን በቀን ሠራተኛነት ይቀጥረዋል፤ በሬ በቀንዱ ይዞ አንበርክኮ ያስከትባል። ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ታናሽ ወንድሙ ኦይታ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በቅርቡ ከአርባ ምንጭ የመጣ አንድ ሹፌር፣ ኦይታን እዚያ ጦር ሰፈር እንዳየውና በሳምንታት ውስጥ ወደ ሰሜን ሊጫኑ እንደሆነ ነገረው። ዱካ ወንድሙን አንዴ ሊያየው ፈለገ። ያን ጊዜ ደግሞ ያለ ይለፍ ወረቀት ኬላ አይታለፍም። ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ሁለቴም «በቂ ምክንያት አይደለም» ብለው መለሱት።

በዚያው ሰሞን አንድ ማስታወቂያ እንድጽፍ ተሰጠኝ። ገዘር ላይ የአሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሩጫ ይካሄዳል፤ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የሚወጡት በመንግሥት መኪና፣ በአንድ የይለፍ ወረቀት፣ አርባ ምንጭ ሄደው ይወዳደራሉ ይላል። ታይፑን ትቼ ወደ ግቢው ወጣሁና ዱካን ጠራሁት።

«ዱካ፣ ትሮጣለህ።»

«ማን አባረረኝ?»

«ማንም። ለወረቀቱ ነው።»

ረጅም ሳቅ ሳቀ። «ጋሼ፣ እናንተ ጋ ሰው ወረቀት በእግሩ ያገኛል?» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ድንገት አቆመና መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔም አብሬው ልሮጥ ተመዘገብኩ፤ ብቻውን መስደዱ አላስችለኝ አለ።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

የቢሮው መኪና ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሁለታችን ከረጢቶቹ ላይ ተቀመጥን። በቆሎና ቡናው ወደ ኋላ ቀረ፤ እንሰቱ እየበዛ መጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃው መኪናውን ያዘው። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን ካየ በኋላ፣ «እናንተማ ሯጮች ናችሁ፣ ምን ትሆናላችሁ!» ብሎ አፌዘብንና ወረድን።

ከዚያ በእግር ነው። ዱካ ነጠላ ጫማውን በእጁ ይዞ ከኋላዬ ይከተላል። ቅደምና መንገድ ምራኝ ብለው እምቢ አለኝ። «ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም» አለ፣ ይህን አለማወቄ ገርሞት። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ በእነሱ ዘንድ ውሃ ጉድጓድ ላይ እንኳ ቀድሞ የሚጠጣው በዕድሜ የሚቀድመው ነው። ታናሽ ሲላክ ደግሞ «እሺ» ብሎ ይሮጣል እንጂ ምክንያት አይጠይቅም።

መንገዱን ሙሉ ስለ አሯሯጥ ሰበክሁት። «ስትነሳ እስክታፍር ድረስ ቀስ በል። ሦስት እርምጃ አየር ሳብ፣ ሦስት እርምጃ አስወጣ። ትንፋሽህ ቆጠራውን ከሳተ ፈጥነሃል ማለት ነው። ሌላው ጥሎህ ቢሄድ ተወው፣ ዳገቱ ላይ ታገኘዋለህ።» ዱካ ግን፣ «ከብት ሩቅ ውሃ ስትነዳ ጠዋት አታሯሩጥም» አለ። እኔ በዓመታት የደረስኩበትን እሱ ከከብቶቹ ጋር ሲወጣ ሲወርድ ተምሮታል። ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልዋሽም።

ቀትር ላይ ገዘር ስንደርስ ጉም ቤቶቹን ውጧቸዋል። ገበያው ዳር በአሥር ሳንቲም ሦስት ትልልቅ የተቀቀለ ድንች ገዝተን እጃችንን እያሞቅንበት በላን። ዱካ ከአፉ የሚወጣውን እንፋሎት እያየ፣ «ውስጤ ቤት እየተቃጠለ ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ብርድ አይቶ አያውቅም።

ያደርነው አቶ ጳውሎስ ቤት ነው። የደጋው የአሪ ሕዝብ ሰው ናቸው፤ ዘር ሊወስዱ ቢሯችን ሲመጡ ተዋውቀን የኖርን፣ ጸሎት ሳያደርሱ እህል የማይቀምሱ ገበሬ። ቆጮና ጎመን፣ ከዚያም ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ገብቶበት የተቀቀለ የቡና ቅጠል በቅል አቀረቡልን። ጉሮሮን አቃጥሎ ሲወርድ እስከ እግር ጣት ይሰማል። ለምን እንደመጣን ስነግራቸው አቶ ጳውሎስ ዱካን አዩትና፣ «የኔ የወንድሜ ልጅም ሄዷል» አሉ። ቅሉንም ደግመው ሞሉለት።

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት

አሁን የሠራሁትን ጥፋት ልናገር። ስነቃ ዱካ ምድጃው ዳር ቁጭ ብሎ ከካኮ በትንሽ ቅል ያመጣውን ቅቤ ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ እየተቀባ ነው። ያብረቀርቃል፣ ይሸታልም።

«ምን ሆነሃል? ሹማምንቱ ፊት እንዲህ ሆነህ ልትቆም ነው? ምን ይሉናል?» አልኩት።

«ብርድ ይከለክላል» አለ።

«ኧረ ባክህ! ታጠብ።»

አቶ ጳውሎስ ከጥግ ሆነው፣ «ቅቤው ምን በደለ?» አሉ። አልሰማኋቸውም። ሙቅ ውሃና ሳሙና አስቀርቤ አስታጠብሁት፤ ከጂንካ ሰልባጅ ተራ በስድስት ብር የገዛሁለትን ወፍራም የሱፍ ሹራብም አለበስኩት። ለቆላ ሰው የሚገባው ይህ ነው ብዬ፣ ደግ የሠራሁ መስሎኝ! ለራሴ ግን ምን ለበስኩ? ካናቴራ፣ ከላዩ ላይ ደግሞ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ ለአንገትና ለእጅ ቀድጄ። ነፋስና ዝናብ የሚመልስ ነገር እንደሚበልጥ ከብዙ ጉንፋን በኋላ አውቄዋለሁ። ለዱካ ያላሰብኩት እንዳያሳፍረኝ ብዬ ነው፤ በእኔ ላይ ላስቲክ ቢታይ ቀልደኛ ነው ይባላል፣ በእሱ ላይ ሲሆን ግን ሰዉ እንደ አላዋቂ ያየዋል ብዬ። አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴን ይሞቀኛል።

ሦስት ሰዓት ላይ አርባ የምንሆን ሯጮች ገበያው ሜዳ ተሰለፍን። አንድ ኃላፊ ስለ ምርታማነት ረጅም ንግግር አደረጉ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ እኛ ጥርሳችን ይንገጫገጫል። በመጨረሻ ፊሽካ ተነፋ።

ወይ ዱካ! የነገርኩት ሁሉ ከፊሽካው ጋር ጠፋበት። ሰዉ ሲጮህ፣ የተሰረቀ ከብት እንደሚከተል ሰው ተፈትልኮ ከፊት ሆነ። እኔ ከኋላ፣ ሠላሳኛ ሆኜ ትንፋሼን እቆጥራለሁ። ሴቶች ከአጥር ላይ፣ «አባባ፣ በርቱ!» ይሉኛል። አባባ! ቢሆንም አልፈጠንኩም። መንገዱ ስድስት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወጣና አንድ ትምህርት ቤት ዞሮ በዚያው ይመለሳል። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፈጣኖቹ መራመድ ጀመሩ፤ አንድ በአንድ አለፍኳቸው።

ጫፉ ላይ ስንቃረብ ዝናቡ ወረደ። በረዶ የቀላቀለ፣ በጎን የሚመጣ ዝናብ ነው። ላስቲኬ ከበሮ ሆነ እንጂ ደረቴ አልረጠበም። ትምህርት ቤቱን ዞሬ ስመለስ ዱካን አየሁት። ቆሟል። ሹራቡ ውሃ ጠጥቶ እስከ ጉልበቱ ወርዷል፣ ከንፈሩ አመድ መስሏል፣ እጁን አንስቶ ሊያወልቀው አልቻለም።

«ጋሼ፣ እጄ የለም» አለኝ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሹራቡን በራሱ ላይ ጎትቼ አውልቄ ጣልኩት፣ በመዳፌ ደረቱንና ክንዱን አሸሁት፣ ከዚያ ላስቲኩን አውልቄ አለበስኩት። «እኔ ገደልኩህ፣ እኔ ጅሉ» እላለሁ። እሱ «ወረቀቱ አለፈ?» ይለኛል።

«አላለፈም። አሁን ከጎኔ ሆነህ ሩጥ፣ ትንፋሽህን እኔ እቆጥርልሃለሁ።»

እንዲሁ ወረድን። «ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ፤ ልቀቅ፣ ልቀቅ፣ ልቀቅ።» ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ የከንፈሩ መልክ ተመለሰ። መንገድ ዳር የቆመ ገበሬ፣ «ዘጠነኛና አሥረኛ!» ብሎ ጮኸልን። አንዱን ቁርጠት ይዞት አገኘነው፤ ሁለቱ ጭቃው ላይ ተንሸራተው ሲነሱ አለፍናቸው፤ አንዱ ወኔው ከድቶት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይራመዳል። ገበያው ሜዳ ስንገባ ከፊታችን የገቡት አራት ብቻ እንደሆኑ ሰማሁ። አንድ ቦታ ቀረ ማለት ነው። ከኋላችን ደግሞ አንድ ረጅም የገዘር ገበሬ እየደረሰብን ነው።

መስመሩ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው ቀዘቀዝኩ፣ ዱካ እንዲያልፍ። ዱካም ቀዘቀዘ።

«እለፍ!» አልኩት።

«አንተ ታላቅ ነህ። አንተ ቅደም።»

«ዱካ፣ በእግዜር ይሁንብህ፣ እለፍ!»

«እንዴት ነው የማልፍህ? ልብስህን ለብሼ?»

ቆምኩ። ቆመ። ሜዳው ሙሉ ሰው ይስቃል፤ እንዲህ ያለ ሩጫ የት ታይቶ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ክንዴን ይዞ ሊያነሳኝ ጎንበስ አለ። የገበሬው የእግር ድምፅ ጭቃው ውስጥ ቸብ ቸብ ሲል ይሰማኛል። ያን ጊዜ ከመስመሩ ባሻገር አቶ ጳውሎስ የቡና ቅጠሉን ድስት ይዘው ቆመው አየኋቸው፤ መላውም መጣልኝ። ድምፄን አጎረነንኩና፣ «ዱካ! ብርድ ሊገድለኝ ነው። ከአቶ ጳውሎስ ትኩስ ነገር ተቀብለህ አምጣልኝ!» ብዬ አዘዝኩት።

«እሺ» አለ። ሮጠ። ሲላክ የሚሮጠውን ሩጫ ሮጦ መስመሩን አለፈ፤ መዝጋቢው መምህር ስሙን ጻፈ፣ አምስተኛ። ገበሬው ተከትሎ ገባ። ዱካ ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ተመልሶ መጣልኝና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ ጠጣሁ። ከዚያ በእርጋታ ተራምጄ ሰባተኛ ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እንባዬም መጥቷል፣ ዝናቡ ሸፈነልኝ።

እሑድ፣ ከቀትር በኋላ ወደ ጂንካ

ዱካ ነገሩ ሲገባው ተቆጣ። አቶ ጳውሎስን በአክብሮት ተሰናበተና እኔን ቁልቁለቱን ሙሉ አላናገረኝም። አሁንም ከኋላዬ ነው የሚሄደው፤ ኩርፊያው ግን ከጀርባዬ ይሰማኛል። ከሰዓታት በኋላ፣ ቡናውና በቆሎው ጋ ስንደርስ፣ «ጋሼ» አለ።

«አቤት።»

«ሽማግሌ አይዋሽም።»

«አልዋሸሁም። በርዶኛል።»

ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት። ጂንካ ስንገባ ዝናቡ አባርቶ የማታ ፀሐይ ብቅ ብሏል፤ ባለቤቴ ጭቃዬን አይታ፣ «ወደቅህ አይደል?» አለች። «ተቀመጥኩ እንጂ አልወደቅሁም» አልኳት።

ከጉዞው የተማርኩትን ብጠየቅ፣ የረጠበ ሱፍ ሰው ይገድላል፤ ሰውም ገላውን ከየትኛው ብርድ በምን እንደሚጠብቅ ከእኔ በላይ ያውቃል። ስለ አሯሯጥ ስሰብክ የኖርኩ ሰው፣ ያን ጠዋት የቸኮልኩት በሩጫው ሳይሆን በሰዉ ላይ በመፍረድ ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ቅቤው ብዙ ነው፣ ሌላ አመጣለሁ» አለኝ።

አርባ ምንጭ በሄደ በአሥረኛው ቀን መዝገብ ቤት መጣ። ስንተኛ ወጣህ ብዬ አልጠየቅሁትም።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት። ሽቦ አለ። እሱ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።»

«ምን አወራችሁ?»

«ከብቶቹን ጠየቀኝ። በስም፣ በስም። ማን ወለደች፣ ማን ታመመ፣ ማን ተሸጠ። እነግረዋለሁ። ከዚያ ፊሽካ ነፉ፣ መኪና ላይ ወጡ።» እጁን አየ። «አራት ላሞች ሳልነግረው ቀሩ።»

ታይፑ ውስጥ ወረቀት አስገባሁ። ሳልጠይቀው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና የአራቱን ስም፣ እያንዳንዷ ምን እንደሆነች፣ ቀስ ብሎ ነገረኝ፤ ጻፍኩት። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ እጁን ታይፑ ላይ አድርጎ አስቆመኝ።

«እሷ ወልዳለች በለው» አለ።

እውነት ይሁን አይሁን ሳልጠይቅ ያንንም ጻፍኩ። ወረቀቱን አጥፌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና ብዕሬን አነሳሁ፤ ከላዩ ላይ «ለኦይታ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በታች የሚጻፈውን አድራሻ ሁለታችንም አናውቀውም ነበር።